የጥበብ ጥርስ መቼ ይነቀል? በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች ወላጆች

በጎንደር በጥርስ ሕክምና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ ሳያመው በፊት ቢነቀልለት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው «እዚህ እኮ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይጨርሱ ነው የሚያስነቅሉት» ብሎ በስልክ ነግሯቸው የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ እነርሱ በወጣትነታቸው በዚሁ ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያደሩ በመሆናቸው ልጃቸው ያንን እንዲያይ የማይፈልጉ ናቸው። ተቃራኒውን የሚጠይቁም አሉ፤ «ምንም አላመመውም፣ ታዲያ ለምን እንነካካዋለን?» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሕመምን መለኪያ አድርገው ስለሚነሡ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ጥርስ ሲበቅል ድዱን ገፍቶ የሚያመጣው ቀላል ሕመም ከጥቂት ቀናት በኋላ ያለ ሕክምና ሊጠፋ ይችላል፣ በአንጻሩ ሁለት ጥርሶች በተደጋገፉበት ሥፍራ ውስጥ ውስጡን የሚበላ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ምንም ላያሳምም ይችላል።

እኔ የምከተለው አቋም ይህ ነው፤ ጥርስ የሚነቀለው በምክንያት እንጂ በዕድሜ አይደለም፣ ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ግን ዕድሜ ይቆጠራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወላጅ ምክንያቱን እንዴት እንደሚፈልግ፣ ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ጊዜውን እንዴት እንደሚመርጥ ለማሳየት ነው።

ስለ ጥርሱ ማወቅ የሚገባው

የአዋቂ ሰው አፍ 32 ጥርስ ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ 28ቱ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሆነው በቅለው ያበቃሉ። የቀሩት አራቱ፣ ማለትም ከላይና ከታች በቀኝና በግራ በመጨረሻው ጥግ የሚበቅሉት ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሶች፣ ብዙዎች የጥበብ ጥርስ የሚሏቸው ናቸው። በተለምዶ ብቅ የሚሉት ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ቢሆንም መሠራት የሚጀምሩት ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብለው፣ ልጁ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በአጥንቱ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ አናቱ ይሠራል፣ ቀጥሎም ሥሩ ቀስ በቀስ እየረዘመ ይሄዳል፤ የሥሩ ጫፍ የሚዘጋው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በአንዳንዶችም ወደ 25 ዓመት ተጠግቶ ነው። አንዱ ወይም አራቱም ጨርሶ የማይፈጠሩላቸው ሰዎችም አሉ፤ ስለዚህ የልጅዎ ጥርስ በ20 ዓመቱ ባይታይ የግድ ተቀብሮ ቀርቷል ማለት አይደለም፣ ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል።

ችግሩ የሚመነጨው ከቦታ ነው። መንጋጭላው ለመጨረሻው ጥርስ የሚበቃ ሥፍራ ከሌለው ጥርሱ ወይ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ወይም ወደ ጎረቤቱ ተጋድሞ ይቆማል፣ ወይም ግማሽ አናቱን ብቻ አውጥቶ ግማሹን ድድ እንደለበሰ ይኖራል። በታችኛው መንጋጭላ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋጥመው ወደ ፊት፣ ወደ ጎረቤቱ ያዘነበለው ዓይነት ነው። ከሦስቱም አስቸጋሪው ግን በእኔ ግምት በግማሽ የወጣው ነው፤ ሙሉ በሙሉ በአጥንት የተሸፈነ ጥርስ ከአፍ ጀርሞች ጋር አይገናኝምና ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከላይኛው ጋር በትክክል የገጠመውም እንደ ማንኛውም መንጋጋ ጥርስ እህል ይፈጫል፣ በግማሽ የወጣው ግን በድዱና በአናቱ መካከል የጤፍ ቅንጣትና ምራቅ የሚያጠራቅም ኪስ ይፈጥራል፤ ብሩሽም ሆነ የወይራ መፋቂያ እዚያ ድረስ አይደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በአካባቢያችን ሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዛቸው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሳቸው ከድዳቸው ተቆፍሮ ሲወጣ ኖሯል፤ እንጥል መቁረጥም እንዲሁ። ያልታመመን አካል «ወደፊት ያስቸግራል» ወይም «የበሽታው መነሻ እርሱ ነው» ብሎ ማስወገድ ለእኛ አዲስ አሳብ አይደለም፣ ያስከተለውንም ጉዳት ደምና ኢንፌክሽን ይዘው በሚመጡ ሕፃናት አይተነዋል። የጥበብ ጥርስን በመርፌ አደንዝዞ በንጹሕ መሣሪያ መንቀል ከዚያ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ጤነኛ ጥርስ እንዲነቀል የሚጠይቅ ወላጅ ሲገጥመኝ ግን መጀመሪያ ምክንያቱን እንድንፈልግ የማሳስበው ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ልጅዎ 16 ዓመት ከሞላው በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አፉን በደንብ ማየት ይቻላል። በመስኮት አጠገብ ያስቀምጡትና በስልክዎ መብራት እያበሩ፣ ታጥቦ በደረቀ የማንኪያ እጀታ ጉንጩን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ከመጨረሻው ጥርስ በስተኋላ ያለውን ድድ ይመልከቱ። ድዱ ቀልቶ ያበጠ ከሆነ፣ ሲነካ ከደማ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም በላዩ ላይ የላይኛው ጥርስ የነከሰበት ምልክት ካለ ያስታውሱት። ቀጥሎ ልጁ አፉን የቻለውን ያህል ከፍቶ የገዛ እጁን ሦስት ጣቶች፣ አመልካቹን፣ መካከለኛውንና የቀለበት ጣቱን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል እንዲያስገባ ያድርጉ። ሦስቱም በቀላሉ ከገቡ መልካም ነው፤ ሁለት ብቻ ከገቡ ወይም ሲያስገባ ከጆሮው በታች ካመመው መንጋጭላውን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በኢንፌክሽን ተቆጥተዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ታሪኩን መጻፍ ነው። በየትኛው ወር አበጠ፣ በየትኛው ወገን፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ምን ወሰደ የሚለው በደብተር ጥግ ላይ ቢጻፍ ሐኪሙ ከመስታወቱ የማያገኘውን ያገኝበታል። ይህን የምለው አንዲት እናት ከአዘዞ ያመጡትን ልጅ በማስታወስ ነው። ልጁ 18 ዓመቱ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊፈተን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ አፉ ግን ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ከትናንት ወዲያ» አለኝ። እናትየው ልጁን በአንድ ዓይን አየት አደረጉና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሦስት ባዶ የአሞክሳሲሊን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «አንዱ የመስቀል ሰሞን፣ አንዱ ለጥምቀት፣ ይኸኛው የፋሲካ ማግስት ነው ዶክተር፣ እርሱ ይረሳል እኔ ግን አልረሳም» አሉ። በዚያች ቅጽበት ጉዳዩ ተለወጠ፤ አንድ ጊዜ ያበጠ ድድ መስሎ የመጣው በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ የተመለሰ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚወሰደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ አንድ ጊዜ ቀላል ሆኖ ቢቆጣ ቦታውን በማጽዳት፣ በጨው ውኃ በመጉመጥመጥና በመከታተል ሊታለፍ ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ወይም የመጀመሪያው ራሱ ከባድ ሆኖ ትኩሳትና የፊት እብጠት ሲያመጣ ግን ጥርሱን ስለ መንቀል በቁም ነገር መነጋገር ይገባል። ሁለተኛው፣ ከፋርማሲ ተገዝቶ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ እብጠቱን ሊያበርድ ቢችልም ምግብ የሚያጠራቅመውን ኪስ አይዘጋውም፤ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል እንጂ ምክንያቱ ባለበት ይቆያል። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፣ በመጠኑ ቢደረግም አልቃወምም፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ድድ ላይ ማሠር፣ አስፕሪን ክኒን በጉንጭ ይዞ ማደርና አረቄ ማቆር ግን ድዱን ያቃጥሉታል። በተቃጠለ ድድ ላይ ሌላ ቁስል ጨምረው የሚመጡ ልጆች ቁጥር ጥቂት አይደለም።

ያለ ራጅ አይወሰን

ሥራ በጀመርሁበት ወቅት አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከአባቷ ጋር መጣች። በመስታወት አየሁ፣ ድዷ ጤነኛ ነበር፣ ሕመምም አልነበራትም፤ «ምንም አይደለም፣ ካመማት ትመለስ» ብዬ ሸኘኋቸው። ሲመለሱ 19 ዓመቷ ነበር። የጥበብ ጥርሷ ወደ ፊት ተጋድሞ የጎረቤቱን ጀርባ ተደግፎ ኖሯል፣ በመካከላቸው የተጠራቀመው ምግብም የጎረቤቱን ሥር አጠገብ ድረስ በልቶት ነበር። የጥበብ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን በሰባት ዓመት ሙሉ እህል የፈጨችበትን ጤነኛ መንጋጋ ጥርሷንም አብሬ ለመንቀል ተገደድሁ። ያን ጊዜ ራጅ ባስነሣ ኖሮ ማዘንበሉን አይቼ በየዓመቱ እንድትመጣ እቀጥራት ነበር።

በመሆኑም ልጅዎ 16 ወይም 17 ዓመት ሲሆነው፣ አስቀድሞም ምልክት ካሳየ በዚያው ጊዜ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውን መንጋጭላ በአንድ ፊልም የሚያሳየውን ሰፊውን ራጅ ማስነሣት ጠቃሚ ነው፤ ፓኖራሚክ ይሉታል። በአፍ ውስጥ ተይዞ የሚነሣው ትንሹ ፊልም ለአንድ ጥርስ መቦርቦር ጥሩ ቢሆንም የመጨረሻውን ጥርስ ሥር ብዙ ጊዜ ይቆርጠዋል። በየትኛው ተቋም እንደሚገኝ ከሐኪሙ መጠየቅ ነው፤ ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ እንደ መሆኗ ከደምቢያም ከጭልጋም ከደባርቅም ታካሚ ስለሚመጣባት ወረፋው ረዘም ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ሕመም ሳያስቸኩል ቢቀድሙ ይሻላል።

ራጁ ሲነበብ ወረቀቱ ላይ 18፣ 28፣ 38 እና 48 የሚሉ ቁጥሮች ያያሉ። አንድ አባት «የልጄ ዕድሜ 17 ነው፣ 48 ማን ነው?» ብለው በቅንነት ጠይቀውኛል። ዕድሜ አይደለም፤ የጥርስ ስም ነው። 18 የላይኛው ቀኝ፣ 28 የላይኛው ግራ፣ 38 የታችኛው ግራ፣ 48 ደግሞ የታችኛው ቀኝ የጥበብ ጥርስ ነው። ይህን ካወቁ «38 ይነቀል» የሚል ወረቀት ሲደርስዎ በስተግራ ታች ያለው መሆኑን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ በሕክምናው ዕለትም ሐኪሙ መርፌ ከመውጋቱ በፊት የትኛው ወገን እንደሆነ ጮክ ብሎ እንዲናገር መጠየቅ ነውር የለበትም።

ፊልሙን ሲያሳይዎ የሚጠይቁት እነዚህን ይሁን፦ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ተጋድሞ ያለው? በቀሪዎቹ ዓመታት ቦታ አግኝቶ ሊወጣ ይችላል ወይ? የጎረቤቱ ጀርባ ጤነኛ ነው? በአናቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍተት ሰፍቷል ወይ? ክፍተቱ መስፋቱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት መጀመሩን ሊያሳይ ስለሚችል ነው፤ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን አጥንቱን ቀስ እያለ ይበላል። የመጨረሻውና እኔ ከሁሉ የምመዝነው ጥያቄ የሥሩ ጫፍ ከነርቩ ጋር ያለው ርቀት ነው። በታችኛው መንጋጭላ ውስጥ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ የሚያልፍበት ቦይ አለ፤ በፊልሙ ላይ ሁለት ቀጭን ነጭ መስመሮች ሆኖ ይታያል። መስመሩ ከሥሩ ላይ ሲደርስ ከተቋረጠ፣ ከታጠፈ ወይም ሥሩ በዚያ ቦታ ከጠቆረ ሁለቱ ተጠግተዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥርስ የአፍ፣ የፊትና የመንጋጭላ ቀዶ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ውሳኔው

እንዲነቀል የሚያደርጉ ምክንያቶች በጥቅሉ የታወቁ ናቸው፤ ተመላልሶ የሚመጣ የድድ ኢንፌክሽን፣ ሊሞላ የማይችል መቦርቦር፣ የጎረቤቱን ጥርስ ወይም አጥንት መጉዳት፣ ከረጢት መቋጠር። ከእነዚህ አንዱ ካለ ልጁ ዛሬ ባያመውም ጉዳዩ ተወስኗል ማለት ይቻላል።

ምክንያት የማይሆነው ግን ይበልጥ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ጤነኛ ጥርስ የሚነቀለው በእርሱ ነው። «የፊት ጥርሶቿን ገፍቶ ያጣምምባታል» የሚለው አባባል እጅግ የተለመደ ነው። የታችኛው የፊት ጥርሶች በአሥራዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ የመጠጋጋት ጠባይ እንዳላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የጥበብ ጥርስ በሌላቸው ሰዎችም ይታያል፣ የጥበብ ጥርስን መንቀልም እንደሚከላከለው አልተረጋገጠም። ልጅዎ የጥርስ ሽቦ አድርጎ ከሆነ ጥርሶቹን በቦታቸው የሚያቆየው ከሽቦው በኋላ የሚሰጠው ማቆያ ነው። «አራቱም አብረው ይውጡና እንገላገል» የሚለውም እንዲሁ በራሱ ምክንያት አይደለም፤ አራቱ ጥርሶች አራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ የታችኛውን ድድ እየነከሰ የሚያቆስለው የላይኛው ጥርስ ሆኖ ይገኛል፤ የላይኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመንቀል ይቀላል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሚሉትም ከየሚኖሩበት አገር አሠራር የተነሣ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ የጤና ተቋሙ መመሪያ በሽታ የሌለበት የጥበብ ጥርስ ለጥንቃቄ ሲባል ብቻ እንዳይነቀል ይመክራል፤ በአሜሪካ ግን በወጣትነት አስቀድሞ የማስነቀል ልማድ ሰፊ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ፣ በሽታና ምልክት የሌለበትን የተቀበረ ጥርስ ለመንቀልም ሆነ ለመተው የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ማስረጃው ዳር ላይ በቆመበት ጉዳይ የሚወስነው የልጁ አፍ፣ የቤተሰቡ ክትትል የማድረግ ችሎታና ከሐኪም ያላቸው ርቀት ነው። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ የሚኖር ልጅ በየዓመቱ ሊታይ ስለሚችል ያዘነበለውን ጥርሱን እየተከታተልን ማቆየት እንችላለን፤ ክረምት ሲገባ መንገድ የሚቋረጥበት ገጠር ለሚኖር፣ ወይም ለሥራ ሩቅ አገር ሊሄድ ለተዘጋጀ ወጣት ግን ሚዛኑ ወደ መንቀል ቢያደላ አልደነቅም።

ዕድሜ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያት ከተገኘ፣ የጥርሱ ሥር ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ በተሠራበት ጊዜ፣ ማለትም በብዙዎች ከ16 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ መንቀሉ ይቀላል። ሥሩ ገና አጭር በመሆኑ ከነርቩ ይርቃል፣ አጥንቱም ገና ለስላሳ ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይለቃል፣ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ከ25 ዓመት በኋላ ሥሩ ተሟልቶ አጥንቱም ስለሚጠነክር ሥራው ይከብዳል። በሌላ በኩል በ13 ወይም በ14 ዓመት፣ አናቱ ብቻ በተሠራበት ጊዜ መንቀል ጥርሱ እንደ ጠጠር በአጥንት ውስጥ ስለሚሽከረከር አስቸጋሪ ነው፣ የሚወጣበትንም አቅጣጫ ገና አያሳይም፤ ግልጽ በሽታ ከሌለ በዚያ ዕድሜ አልነካውም።

የሚያስፈራውን ጉዳት ሳይሸፋፍኑ ለልጁም መንገር ይገባል። የታችኛው ጥርስ ሲነቀል ከንፈርን፣ አገጭን ወይም ምላስን የሚያደነዝዝ የነርቭ ጉዳት ከመቶ ጥቂት ሰዎች ላይ ሊደርስ ይችላል፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል፣ ሳይለቅ የሚቀረው ከመቶ አንድ አይሞላም። 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈቃድ የሚፈርመው ወላጅ ቢሆንም ከንፈሩ የልጁ ነውና እርሱ ሰምቶ ሳይስማማ ወደ ወንበሩ አላወጣውም።

ጊዜውን መምረጥ

የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ሐምሌና ነሐሴን እመርጣለሁ፤ ትምህርት ዝግ ነው፣ ለሳምንት ጉንጩ ቢያብጥም የሚቀርበት ክፍል የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ግን እስከ ክረምት አይጠበቅ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ ስለሚፈተኑ በዚያ መካከል ጥርስ ቢያብጥ ቤተሰብ አጠገቡ ላይኖር ይችላል። ከአንድ ጊዜ በላይ ያበጠበት ተፈታኝ ከፈተናው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ነገሩን ቢጨርስ መልካም ነው። የአዘዞውን ልጅ ያን ዕለት አልነቀልሁለትም፤ አፉ ሳይከፈት፣ ኢንፌክሽኑም እንደ ጋለ መንቀል ለእርሱም ለእኔም አስቸጋሪ ነበር። ከድዱ ሥር አጠብሁለት፣ መድኃኒቱን በትክክለኛው መጠን አዘዝሁለት፣ የታችኛውን ድድ የሚነክሰውን የላይኛውን ጥርስም አፉ በተከፈተ በአምስተኛው ቀን አወጣሁለት። ፈተናውን በሰላም ተፈተነ፤ የታችኛው በነሐሴ ወጣ።

ለጥምቀት ሰሞን ቀጠሮ አይያዝ። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ልጁም ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ካልወረድሁ ማለቱ አይቀርም፤ በተጨማሪም ሜትሮኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘለት ጠላም ጠጅም መቅመስ የለበትም፣ በበዓል ቀን ይህን ማስጠበቅ ቀላል አይደለም። ከገጠር የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ በሕክምናው ማግሥት የሚመለስ ሆኖ በከተማው ዘመድ ቤት ቢያድር እመክራለሁ፤ ደም መፍሰስ ካስቸገረ የሚያስቸግረው በመጀመሪያው ሌሊት ነው።

ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የሌለበት ነገር አለ። ልጁ በሕፃንነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ታሞ «ልቡን ይዞታል» ተብሎ ከሆነ ወይም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ከሆነ በቅድሚያ ይነገር፤ በአገራችን በቶንሲል ምክንያት የሚመጣ የልብ በሽታ በወጣቶች ላይ ስለሚበዛ የልብ ሐኪሙ ሳያውቅ ጥርስ መንቀል አይገባም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በራሱ ፈቃድ አያቁመው። ሲቆረጥ ደሙ አልቆም የሚል ልጅ፣ ነስር የሚደጋግመው፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ልጅ፣ አስም ያለበት፣ ለመድኃኒት አለርጂ የሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ይነገሩ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ወላጅ ባለበት አይናገርምና እኔ እናትየውን ለአፍታ ውጭ እንዲጠብቁ አድርጌ እጠይቀዋለሁ።

ከተነቀለ በኋላ

በሕክምናው ዕለት ልጁ ቁርስ በልቶ ይምጣ፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ስለሆነ መጾም አያስፈልገውም፣ ሙሉ ማደንዘዣ የታዘዘለት ብቻ እንደ ተነገረው ሳይበላ ይመጣል። መገፋቱንና መንቋቋቱን ይሰማል፣ ሕመም ግን ሊሰማው አይገባም፤ ከተሰማው እጁን እንዲያነሣ ይነገረው።

የተነከሰው ጎዝ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይነሣ ይቆይ። ምራቁ ሮዝ መልክ ይዞ ቢቆይ አያስደንግጥ፤ አፍ የሚሞላ ቀይ ደም ከሆነ ንጹሕ ጎዝ አጥፎ ለሠላሳ ደቂቃ አጥብቆ ይንከስ፣ ካልቆመ ይመለስ። በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጥ፣ በኃይል አይትፋ፣ በስትሮው አይጠጣ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው የረጋ ደም ከተነሣ አጥንቱ ይጋለጣል። ከማግሥቱ ጀምሮ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ ይጉመጥመጥ። የሕመም ማስታገሻውን የመርፌው ድንዛዜ ሳይለቅ መጀመር ይሻላል፤ አይቡፕሮፌን ከሆነ ከምግብ ጋር ይወሰድ፣ ጨጓራ ወይም አስም ላለበት ግን ሳይጠየቅ አይሰጥ። አስፕሪን አይሰጥ።

ምግቡ ለሦስትና ለአራት ቀን ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ አጥሚት፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ እርጎ። ጾም ከሆነ የሱፍ ፍትፍት ከሁሉ ይስማማል፤ ያልቀዘቀዘ ገንፎ ግን ድንዙዝ ጉንጭ ሙቀቱን ስለማይለይ ያቃጥላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሁለት ሳምንት ይራቁ።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጨምሮ ከዚያ በኋላ መቀነስ አለበት። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ወደ ጆሮ እየወጋ ከበረታና መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ የረጋው ደም ተነሥቶ አጥንቱ መጋለጡ ነው፤ ይህ በአንቲባዮቲክ አይድንም፣ ሐኪሙ ቦታውን አጥቦ የሚያስታግስ መድኃኒት ያደርግበታል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ምላሱ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ ይህ እስኪነጋ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም።

እንዲቆይ ለተወሰነለት ልጅ ቀጠሮው በየዓመቱ ነው፣ ራጁም እንደ ሁኔታው በየሁለት ዓመቱ ሊደገም ይችላል። የመጀመሪያውን ፊልም አይጣሉት፤ ጥርሱ መንቀሳቀሱን የሚያሳየው ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲያዝ ነው። ቤት ውስጥ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ፣ ከክትባት ካርዱና ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ይቀመጥ፤ በፖስታው ጀርባም የተነሣበት ቀንና የሚመለስበት ወር በእስክሪብቶ ይጻፍ።